ተራው የማን ነው? የክትባት ቅደም ተከተልና በወረርሽኙ ክፉኛ የተጎዱ ማኅበረሰቦች

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን የፋይዘርን የኮቪድ-19 ክትባት ዲሴምበር 11 ቀን 2020፣ የሞደርናን ደግሞ ከአንድ ሳምንት በኋላ ለአስቸኳይ ጊዜ አገልግሎት ሲፈቅድ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ከ330 ሚሊዮን ያላነሰ ሕዝብ ባለባት አገር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቀረበው ክትባት ለጤና ሠራተኞች እንኳ በአንድ ጊዜ የሚዳረስ አልነበረም። በዚያ ክረምት በሽታው በየቀኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ይገድል ስለነበር፣ ማንን እናስቀድም የሚለው ጥያቄ በተዘዋዋሪ ማን ይቆይ፣ ቆይቶም ማን ለሞት ይጋለጥ የሚል ጥያቄ ነበር። ጥያቄው የቀረበው ደግሞ ወረርሽኙ በዘጠኝ ወር ውስጥ ማንን አብዝቶ እንደጎዳ በግልጽ ከታወቀ በኋላ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን፣ የላቲን አሜሪካ ተወላጆችና የአገሬው ነባር ሕዝቦች፣ የዕድሜ ልዩነት ታስቦ ሲነጻጸር፣ ከነጮች ሁለትና ሦስት እጥፍ በሚደርስ መጠን ይሞቱ ነበር።

ለአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የክትባት ምክረ ሐሳብ የሚያቀርበው የባለሙያዎች ኮሚቴ ዲሴምበር 1 ቀን 2020 ተሰብስቦ፣ 21 ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑ የጤና ሠራተኞችና 3 ሚሊዮን ያህል በአረጋውያን መንከባከቢያዎችና በመሳሰሉት ተቋማት የሚኖሩ ሰዎች እንዲቀድሙ በ13 ድምፅ ድጋፍና በ1 ተቃውሞ ወሰነ። ይህ ብዙም አላከራከረም። ክርክሩ የጦፈው ዲሴምበር 20 ቀን በተደረገው ሁለተኛ ውሳኔ ላይ ሲሆን፣ ኮሚቴው በቀጣዩ ተርታ ዕድሜያቸው 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑትን ከግንባር ቀደም ሠራተኞች ጋር አንድ ላይ አስቀመጣቸው። ግንባር ቀደም ሠራተኞች የተባሉት ሥራቸው ከቤት ሊሠራ የማይችልና ከሰው ጋር የሚያቀራርባቸው፣ ለምሳሌ መምህራን፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ የአውቶቡስ ሾፌሮች፣ የእርሻና የምግብ ማቀነባበሪያ ሠራተኞች እንዲሁም የምግብ መደብር ገንዘብ ተቀባዮች ናቸው። ሁለቱ ወገኖች ሲደመሩ 49 ሚሊዮን ያህል ነበሩ።

በዚህ ውሳኔ ውስጥ እርስ በርስ የማይጣጣሙ ሦስት ስሌቶች ተጋፍተው ነበር። የመጀመሪያው ሞትን በቶሎ መቀነስን ስለሚያስቀድም ወደ አረጋውያን ያዘነብላል፤ ሁለተኛው ቫይረሱን ከሰው ወደ ሰው የሚያሸጋግረውን ሰንሰለት መበጠስን ስለሚያስቀድም ወደ ሠራተኛው ያደላል፤ ሦስተኛው ግን ቀድሞ የተጎዳው ቀድሞ ይካስ የሚል የፍትሕ ስሌት ነው። ብሪታንያ የመጀመሪያውን ብቻ ይዛ ሄደች። ከዲሴምበር 8 ቀን 2020 ጀምራ፣ ቅድሚያ የሚሰጣቸውን በዋናነት በዕድሜ በዘጠኝ ምድቦች ከፍላ ከላይ ወደ ታች እየወረደች ከተበች፤ የልደት ቀንን ከመጠየቅ ሌላ ብዙ ምርመራ የማያሻው አሠራር በመሆኑም ፈጠነላት። አሜሪካ ሦስቱንም በአንድ ሰነድ ለማስታረቅ ሞከረች። አፈጻጸሙን ለ50 ክፍላተ ግዛትና ከእነሱም በታች በሺዎች ለሚቆጠሩ የአካባቢ ጤና መሥሪያ ቤቶች ስትተው ግን፣ በወረቀት ላይ የተስማሙት ስሌቶች መሬት ላይ ተለያዩ።

ዕድሜ በራሱ ከአድልዎ የጸዳ መስፈርት መስሎ ቢታይም፣ ሁሉም ሰው እኩል ዕድሜ በማይኖርበት አገር እንደዚያ ሊሆን አይችልም። ብሩኪንግስ የተባለው የጥናት ተቋም በ2020 አጋማሽ ባወጣው ትንታኔ፣ በየዕድሜ ክልሉ ጥቁር አሜሪካውያን በኮቪድ የሚሞቱበት መጠን በዕድሜ ከአሥር ዓመት በላይ ከሚበልጧቸው ነጮች ጋር ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል። ይህ በተግባር ሲተረጎም፣ በሥራ ላይ ያለ የ64 ዓመት ጥቁር የአውቶቡስ ሾፌር፣ ጡረታ ወጥቶ በቤቱ ከተቀመጠ የ75 ዓመት ነጭ ጋር የተቀራረበ አደጋ ተሸክሞ ሳለ፣ ወሰኑ በዕድሜ ብቻ ሲሰመር ወደ ኋላ ይቀራል ማለት ነው። ጃንዋሪ 12 ቀን 2021 የፌዴራሉ የጤና ሚኒስትር አሌክስ አዛር ክፍላተ ግዛት ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ለሆኑት ሁሉ በሩን እንዲከፍቱ ባሳሰቡ ጊዜም፣ ብዙ አስተዳደሮች ፍጥነትን መርጠው አረጋውያኑን ከግንባር ቀደም ሠራተኞች አስቀደሙ።

ሌላ መንገድ አልታሰበም ነበር ማለት አይቻልም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች ክትባቱ ገና ከመፈቀዱ በፊት፣ በኦክቶበር 2020 ባወጡት ሰነድ፣ በእያንዳንዱ ተርታ ውስጥ በማኅበራዊ ተጋላጭነት መለኪያ ከፍተኛ ነጥብ ያገኙ አካባቢዎች እንዲቀድሙና ከጠቅላላው ክትባት 10 በመቶው ለእነዚህ አካባቢዎች ተጨማሪ ሆኖ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቅርበው ነበር። ይህ መለኪያ በወቅቱ ከሕዝብ ቆጠራ በተገኙ 15 መረጃዎች፣ ማለትም እንደ ድህነት፣ የቤት ጥበት፣ መኪና ያለመኖር፣ የቋንቋ ችግርና በመሳሰሉት ላይ ተመሥርቶ፣ አንድ ሰፈር አደጋ ሲደርስበት ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚያመለክት ነው። የመለኪያው ብልኃት ስለ ግለሰቡ ዘርም ሆነ ገቢ ሳይጠይቅ በሚኖርበት ቦታ ብቻ መወሰን ማስቻሉ ነው። ይሁን እንጂ ሐሳቡን የተቀበሉት ክፍላተ ግዛት ብዙዎቹ የተጠቀሙበት ችግሩ ከደረሰ በኋላ ነበር። የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ ስለ መጀመሪያው የክትባት ወር ባወጣው ዘገባ፣ በዚያ ወር የመጀመሪያውን ዶዝ ከወሰዱት ወደ 13 ሚሊዮን ከሚጠጉ ሰዎች መካከል ዘራቸው የተመዘገበው ከግማሽ ትንሽ የሚበልጡት ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ከተመዘገቡት ውስጥም ጥቁሮች 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፍትሐዊነትን ዓላማዬ ነው ያለ ፕሮግራም ማን እንደተከተበ ሳይመዘግብ አንድ ወር ሙሉ መጓዙ፣ ከሁሉም ስሕተቶቹ ይቅር ለማለት የሚያስቸግረው ነው።

የዋሽንግተን ዲሲ ታሪክ ይህን ክፍተት በጉልህ ያሳያል። ከተማዋ ዋርድ በሚባሉ ስምንት ክፍሎች የተከፈለች ስትሆን፣ በሰሜን ምዕራብ ያለው ዋርድ 3 ሀብታሞችና በአብዛኛው ነጮች የሚኖሩበት፣ ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ያሉት ዋርድ 7ና ዋርድ 8 ደግሞ በአብዛኛው ጥቁሮች የሚኖሩባቸው፣ ሆስፒታልም ሆነ ትልቅ የምግብ መደብር እንደ ልብ የማይገኝባቸው ነበሩ። ጥቁሮች ከከተማዋ ነዋሪ ግማሽ ባይሞሉም ከሟቾቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ እነሱ ነበሩ። በጃንዋሪ 2021 ከተማዋ ለአረጋውያን የኢንተርኔት ቀጠሮ ስትከፍት፣ ያለው ቀጠሮ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተሟጠጠ፤ ዝርዝሩ ሲታይም ዋርድ 3 ከሁሉ የበለጠውን ሲያገኝ፣ ሞት የበረታበት ዋርድ 8 ከሁሉ ያነሰውን አገኘ። ፈጣን ኢንተርኔት ያለው፣ ከኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ገጹን ደጋግሞ መክፈት የሚችል፣ እሱ ባይችል እንኳ የሚያግዘው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ያለው ሰው ቀደመ። በዚያው ሰዓት በሥራ ገበታው ላይ የነበረው፣ ወይም በስልክ ተራ ሲጠብቅ የቆየው ደግሞ ወደ ኋላ ቀረ። አሠራሩ ማንንም በስም አላገለለም፤ በሩ ግን ለሁሉም እኩል አልተከፈተም።

የከተማዋ አስተዳደር የወሰደው እርምት በራሱ የሚጠና ነው። በመጀመሪያ ክፉኛ የተጎዱ ሰፈሮችን በፖስታ መለያ ቁጥር፣ አሜሪካኖች ዚፕ ኮድ በሚሉት፣ ለይቶ ለእነሱ ቀጠሮውን ከሌላው ነዋሪ አንድ ቀን ቀድሞ መክፈት ጀመረ። በሐሙስ ጠዋት የተመረጡት ሰፈሮች፣ በዓርብ ጠዋት ደግሞ ከተማው በሙሉ ይመዘገብ ነበር። ይህም አልበቃም። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሲከፈት ሥርዓቱ በተመዝጋቢ ብዛት ተጨናንቆ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ በማርች 2021 እሽቅድምድሙ ቀርቶ ሁሉም አስቀድሞ እንዲመዘገብና ቀጠሮው በዕጣ እንዲደርስ፣ ዕጣው ግን ለአረጋውያንና ቅድሚያ ለተሰጣቸው ሰፈሮች ድርሻ ለይቶ እንዲያስቀምጥ ተደረገ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ፍጥነትን ከመስፈርትነት ማውጣት። ይህን ያህል ቀላል የሆነ ሐሳብ ለመተግበር ሁለት ወር መፍጀቱ፣ አሠራሩን የነደፉት ሰዎች ራሳቸው ኢንተርኔት ተቋርጦባቸው ከማያውቁት ወገን ስለነበሩ ሳይሆን አይቀርም።

በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ያሉ አማርኛ ተናጋሪዎች ጉዳዩን ከሁለት ወገን አይተውታል። በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን አማርኛን ጨምሮ በተወሰኑ ቋንቋዎች እንዲያቀርቡ ስለሚያስገድድ፣ የወረርሽኙ መረጃ በአማርኛ ታትሞ ይሰራጭ ነበር። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው የዋርድ 1ና የዋርድ 4 ሰፈሮችም ቅድሚያ ከተሰጣቸው መካከል ይገኙ ነበር። ነገር ግን የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛው፣ የሆቴል ጽዳት ሠራተኛዋ፣ የታክሲና የኡበር ሾፌሩ፣ የአረጋውያን ተንከባካቢዋ የሚሠሩበት ሰዓት ቀጠሮው ከሚከፈትበት ሰዓት ጋር ይገጥም ነበር፤ በተከራዩት ቤት ሦስትና አራት ሆነው የሚኖሩ ደግሞ አንዱ ሲታመም ሌሎቹ የሚለዩበት ክፍል አልነበራቸውም። የተተረጎመ ወረቀት የማይፈታው ችግር ይህ ነው።

ካሊፎርኒያ ከዲሲ በስፋት የሚለይ እርምጃ ወሰደች። በማርች 2021 መጀመሪያ አገረ ገዢ ጋቪን ኒውሰም ከክፍለ ግዛቷ ክትባት 40 በመቶው፣ የኑሮ ሁኔታን በሚለካ ሠንጠረዥ በዝቅተኛው ሩብ ለተመደቡ 400 ገደማ የፖስታ ክልሎች እንዲሰጥ አዘዙ። በእነዚህ ቦታዎች 8 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚኖር ሲሆን፣ ከካሊፎርኒያ ታማሚዎችና ሟቾች 40 በመቶ ያህሉ ከዚያው የተገኙ ነበሩ። ከዚህም በላይ የንግድና የመዝናኛ ገደቦች የሚላሉበት መስፈርት በእነዚህ ሰፈሮች ከተሰጠው ክትባት ብዛት ጋር ተያያዘ። መጀመሪያ 2 ሚሊዮን፣ ቀጥሎ 4 ሚሊዮን ዶዝ ሲደርስ ሌላውም አብሮ ይከፈታል ተባለ። የድሃው ሰፈር መከተብ የሀብታሙ ሰፈር ምግብ ቤት የሚከፈትበት ቅድመ ሁኔታ እንዲሆን መደረጉ፣ በወረርሽኙ ዘመን ከታዩ የአስተዳደር ብልኃቶች ሁሉ የላቀው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ርኅራኄን ከጥቅም ጋር አስተሳስሯልና። ከዚያ በፊት ግን ይኸው አስተዳደር ለጥቁሮችና ለላቲኖች ሰፈሮች ብሎ ያደላቸው የይለፍ ኮዶች በስልክ መልእክት እየተላለፉ፣ ከቤታቸው ሆነው የሚሠሩ ባለሀብቶች ተጠቅመውባቸው ነበር። ሎስ አንጀለስ ታይምስ በፌብሩዋሪ ይህን ካጋለጠ በኋላ አሠራሩ ለአንድ ሰው ብቻ በሚያገለግሉ ኮዶች ተተካ።

ፖለቲካው በሁሉም ቦታ እንዲህ አልተመቸም። በቴክሳስ የዳላስ አውራጃ ፌር ፓርክ በተባለው ጣቢያ ከተጎዱ ሰፈሮች የመጡትን ላስቀድም ብሎ ሲወስን፣ የክፍለ ግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት የክትባት ኮታህን እቀንሳለሁ ስላለው በጃንዋሪ 2021 ዕቅዱን በማግስቱ ሰረዘ። ቨርሞንት ደግሞ በኤፕሪል 2021 ጥቁሮች፣ ነባር ሕዝቦችና ሌሎች አናሳዎች 16 ዓመት ከሞላቸው ከነቤተሰባቸው እንዲመዘገቡ ስትፈቅድ፣ አገረ ገዢ ፊል ስኮት በውሳኔው ምክንያት የዘረኝነት ጥቃት መድረሱን በይፋ አውግዘዋል። የሰፈር መስፈርት ከዘር መስፈርት ይልቅ በሕግም በፖለቲካም የጸናው ለዚህ ነው።

ክትባት ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። ቀሪውን ግማሽ ለማየት ወደ ኋላ፣ ክትባት ወዳልነበረበት ወደ ኤፕሪል 2020፣ በሳውዝ ዳኮታ ወደምትገኘው ወደ ሱ ፎልስ ከተማ መመለስ ያስፈልጋል። በከተማዋ ያለው የስሚዝፊልድ የአሳማ ሥጋ ማቀነባበሪያ 3,700 ያህል ሠራተኞች ነበሩት፤ ሠራተኞቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ሥጋ የሚቆርጡ፣ በአንድ መልበሻ ክፍልና በአንድ መመገቢያ አዳራሽ የሚጠቀሙ ነበሩ። የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ ባለሙያዎች ፋብሪካውን ጎብኝተው በጻፉት ሪፖርት፣ በውስጡ 40 ያህል ቋንቋዎች እንደሚነገሩ፣ በብዛት ከሚነገሩት አሥሩ መካከልም አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና ኩናማ እንደሚገኙ አስፍረዋል። ፋብሪካው በኤፕሪል አጋማሽ ተዘጋ። የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በኋላ ባካሄደው ምርመራ በዚያ የጸደይ ወቅት 1,294 ሠራተኞች መያዛቸውንና 4 መሞታቸውን መዝግቦ በኩባንያው ላይ የ13,494 ዶላር ቅጣት ጣለ፤ ኩባንያው ክሱን ተቃውሟል። ኩባንያው በዚያ ወር ከሥራ ላልቀረ ሠራተኛ 500 ዶላር ጉርሻ እንደሚሰጥ ያስታወቀ ሲሆን፣ በበሽታው ምክንያት የቀሩትም እንደማይከለከሉ በኋላ ገልጿል።

እዚህ ላይ የመንግሥት ድጋፍ የሚባለው ነገር ለማን እንደተሰፋ ይታያል። ኮንግረሱ ማርች 18 ቀን 2020 ያወጣው ሕግ በኮቪድ ለታመመ ሠራተኛ ሁለት ሳምንት የሚከፈልበት ፈቃድ ቢያስገድድም፣ 500ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን ድርጅቶች ከግዴታው ነፃ አድርጓል፤ ስለዚህ ግዙፍ ቄራዎች፣ ትልልቅ መጋዘኖችና የሱቅ ሰንሰለቶች፣ ማለትም በሽታው የበረታባቸው የሥራ ቦታዎች፣ ከሕጉ ውጭ ሆኑ። ግዴታው ደግሞ ያበቃው ዲሴምበር 31 ቀን 2020፣ ክትባቱ በመጣ በሦስተኛው ሳምንት ነበር። ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር ሠራተኛ ክትባት መውሰድ ማለት ከሥራ አንድ ቀን መቅረት፣ ምናልባትም ትኩሳቱ እስኪለቅ ሁለተኛ ቀን መጨመር ማለት ነው። ክትባቱን አልፈለገም ተብሎ ከተቆጠረው ሕዝብ ምን ያህሉ የቀን ክፍያውን የፈራ እንደነበር በቁጥር መለየት ቢያዳግትም፣ አለመተማመን የሚለው ቃል ብዙ የአሠራር ጉድለት እንደሸፈነ ግን ጥርጥር የለውም። እርግጥ አለመተማመኑም ታሪክ አለው። ከ1932 እስከ 1972 በቱስኪጊ በቂጥኝ የታመሙ ጥቁር ወንዶች ሳይነገራቸውና ሳይታከሙ የተጠኑበትን በደል ያስታወሰ ሁሉ መንግሥት መርፌ ይዞ ሲመጣ ቢያመነታ የሚያስወቅሰው ነገር የለም።

የገንዘብ ድጋፉም በተመሳሳይ ወንፊት ያለፈ ነው። ማርች 27 ቀን 2020 የጸደቀው 2.2 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ የሚደርስ ሕግ ለአንድ አዋቂ 1,200 ዶላር ሲሰጥ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለውን ግብር ከፋይ፣ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር በጋራ ግብር የሚያስታውቀውን ባለ ትዳር ሳይቀር፣ ከክፍያው አስቀረ፤ ባለ ትዳሮቹን የሚመለከተው በዲሴምበር 2020 ተስተካከለ። ክፍተቱን ለመሙላት ካሊፎርኒያ በዚያው ዓመት ሰነድ ለሌላቸው ነዋሪዎች ከበጎ አድራጊዎች ጋር 125 ሚሊዮን ዶላር መደበች፤ ኒው ዮርክ ደግሞ በ2021 ለተገለሉ ሠራተኞች 2.1 ቢሊዮን ዶላር የያዘ ፈንድ አቋቁማ ለአንድ ሰው እስከ 15,600 ዶላር ሰጠች፤ ገንዘቡ በጥቂት ወራት አለቀ። ለአነስተኛ ንግዶች ብድር የተመደበው የመጀመሪያው 349 ቢሊዮን ዶላር በ13 ቀን ውስጥ ሲያልቅ፣ ቀድመው ያገኙት ከትልልቅ ባንኮች ጋር የቆየ ደንበኝነት የነበራቸው ናቸው። ለራሳቸው የሚሠሩ ሰዎች፣ ከእነሱም መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚገኙባቸው የታክሲና የኡበር ሾፌሮች፣ ብድሩ በተጣራ ትርፍ ስለሚሰላ ከነዳጅና ከጥገና ወጪ በኋላ የሚደርሳቸው እዚህ ግባ የማይባል ነበር፤ በማርች 2021 ስሌቱ ወደ ጠቅላላ ገቢ ሲለወጥ ፕሮግራሙ ሊዘጋ የቀረው ጥቂት ወር ነበር። ፈጣን እጅ ያለው የቀደመበት የዲሲው የክትባት ቀጠሮና ባንክ ያለው የቀደመበት ይህ ብድር በአንድ ዓይነት ጭንቅላት የተነደፉ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ የተለየ መንገድ የታየው በናቫሆ ሕዝብ ምድር ነው። አሪዞናን፣ ኒው ሜክሲኮንና ዩታን የሚያካልለው ይህ ክልል ከ70,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ሲኖረው፣ 170,000 ያህል ሕዝብ ይኖርበታል፤ በዚህ ሁሉ ስፋት ውስጥ የነበሩት ሙሉ የምግብ መደብሮች 13 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ ከቤቶቹ ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጉት የቧንቧ ውኃ የላቸውም። እጅዎን ደጋግመው ይታጠቡ የሚለው የጤና ምክር ውኃ በበርሜል ከሩቅ ለሚያመላልስ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ለኢትዮጵያ አንባቢ ማብራራት አያሻም። በማርች 2020 ቺልቺንቤቶ በተባለች መንደር ከተደረገ ትልቅ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ጋር ተያይዞ በሽታው ተዛመተ፤ በሜይ ወርም በነዋሪ ቁጥር ሲሰላ በበሽታው የተያዙት ሰዎች መጠን ከኒው ዮርክ በለጠ። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን፣ ብዙ ጊዜ በጦርነትና በረኀብ አገሮች የሚታወቀው ድርጅት፣ በዓለም ሀብታሟ አገር ውስጥ ላለው ለዚህ ሕዝብ ባለሙያዎቹን ላከ።

የፌዴራሉ ድጋፍ ዘገየ። ከ2.2 ትሪሊዮኑ ውስጥ 8 ቢሊዮኑ ለነባር ሕዝቦች መስተዳድሮች በ30 ቀን ውስጥ ይከፈል ተብሎ ቢደነገግም፣ በአላስካ ያሉ የነባር ሕዝቦች ኩባንያዎች ከገንዘቡ ይካፈሉ ወይስ አይካፈሉ በሚል ክርክር ፍርድ ቤት ገባ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የቋጨው በጁን 2021 ነው። ናቫሆዎች በጠቅላላ 714 ሚሊዮን ዶላር ሲደርሳቸው፣ ሕጉ ገንዘቡ እስከ ዲሴምበር 30 ቀን 2020 ሥራ ላይ እንዲውል ያዝዝ ነበር። ውኃ ለመዘርጋት፣ መሬት ለማጥናት፣ የአካባቢ ፈቃድ ለማግኘት ዓመታት በሚፈጅበት ምድር ጥቂት ወራት መስጠት፣ የድጋፉን አጠቃቀም ከወዲሁ ወስኖ እንደማስቀመጥ ነበር። የጊዜ ገደቡ በአንድ ዓመት የተራዘመው ሊያበቃ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። በ2021 የወጣው ሁለተኛው ትልቅ ሕግ 20 ቢሊዮን ዶላር ለነባር ሕዝቦች መስተዳድሮች ሲመድብ፣ ለናቫሆዎች የደረሰው ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ የቀደመውን ጉድለት ለማረም ሰፋ ያለ ጊዜ ነበረው።

ክትባቱ ሲመጣ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የፌዴራሉ የነባር ሕዝቦች ጤና አገልግሎት ክትባቱን በቀጥታ ለየጎሣው ሲያደርስ፣ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ራሱ መስተዳድሩ ነበር። በኦክላሆማ ያለው የቸሮኪ ሕዝብ ቋንቋውን አጥርተው የሚናገሩ 2,000 ገደማ ሰዎችን ከፊተኞቹ ተርታ አሰለፈ፤ በስታንዲንግ ሮክም የዳኮታና የላኮታ ቋንቋ ተናጋሪዎች እንዲሁ ቀደሙ፤ ለእነዚህ ሕዝቦች አንድ አዛውንት ሲሞት የሚጠፋው ነፍስ ብቻ እንዳልሆነ በዋሽንግተን የሚዘጋጅ ሠንጠረዥ አያውቅምና። ናቫሆዎች ከጤና ሠራተኞችና ከአረጋውያን ጀምረው በፍጥነት ወደ ሌሎቹ አዋቂዎች ወረዱ። አረጋውያኑ በልጆቻቸው መኪና ተቀምጠው ረጅም ሰልፍ እየጠበቁ በመስኮት ተከተቡ፤ ከወረርሽኙ በፊት ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያውቋቸው የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች መውጣት ወዳልቻሉት ሄዱ፤ የመስተዳድሩ ፕሬዚዳንት ጆናታን ኔዝና ባለሙያዎች በሬዲዮና በኢንተርኔት በናቫሆ ቋንቋ ጭምር እያስረዱ ጥያቄ ይመልሱ ነበር። በማርች 2021 አዲስ ታማሚም ሞትም ያልተመዘገበበት ቀን ታየ፤ በጸደዩ መጨረሻ ከአዋቂዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ክትባታቸውን ጨርሰው ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት የአገሪቱ ክፉ ምሳሌ የነበረው ሕዝብ ከአብዛኞቹ ክፍላተ ግዛት ቀደመ። ልዩነቱን የፈጠረው ክትባቱም ሥልጣኑም፣ ሕዝቡ በሚያውቃቸውና በሚያምናቸው ሰዎች እጅ መግባቱ ነው።

ይኸው የቅድሚያ ጥያቄ በአገሮች መካከልም ተነሥቶ የባሰ መልስ ነበር ያገኘው። ለድሃ አገሮች ክትባት ለማዳረስ የተቋቋመው ኮቫክስ መጀመሪያ ያከፋፈለው በየአገሩ የበሽታ ክብደት ሳይሆን በሕዝብ ብዛት፣ ከሕዝቡ 20 በመቶ እስኪሸፈን በሚል ቀመር ነው። ኢትዮጵያ በማርች 2021 መጀመሪያ 2.184 ሚሊዮን የአስትራዜኔካ ዶዝ ተቀብላ፣ የመጀመሪያው ታማሚ ከተመዘገበ ልክ አንድ ዓመት በሞላው በማርች 13 ቀን ክትባቱን ከጤና ባለሙያዎች ጀመረች፤ ለአንድ ሰው ሁለት ዶዝ ስለሚያስፈልግ ይህ ከሕዝቡ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። በዚያው ወር ሕንድ፣ ክትባቱ በብዛት የሚመረትባት አገር፣ በራሷ ላይ በበረታው ማዕበል ምክንያት ወደ ውጭ መላኩን ስትገታ ሁለተኛ ዶዝ የሚጠብቁ አገሮች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። በዓመቱ መጨረሻ ኮቫክስ ካቀደው 2 ቢሊዮን ዶዝ ግማሹን እንኳ አላደረሰም።

በአሜሪካ ውስጥ በክትባቱ ረገድ የነበረው ክፍተት በጊዜ ጠበበ፤ በ2022 የላቲን አሜሪካ ተወላጆች የመከተብ መጠን ከነጮች በለጠ። ወረርሽኙ ያደረሰው ጉዳት ግን በቁጥር ቀርቷል፤ የነባር ሕዝቦች አማካይ የዕድሜ ጣሪያ በ2019 ከነበረበት 71.8 ዓመት በ2021 ወደ 65.6 ዓመት ወርዷል። የገንዘብ ድጋፉም ተነሣ። በ2021 ለልጆች በየወሩ የተከፈለው የተስፋፋ የግብር ድጎማ ገቢ የሌላቸውን ወላጆች ሳይቀር ስላካተተ፣ የመንግሥትን ድጎማ በሚቆጥረው መለኪያ የሕፃናት ድህነት በዚያ ዓመት ወደ 5.2 በመቶ ወርዶ ነበር። ኮንግረሱ አላራዘመውም፤ በ2022 ቁጥሩ ወደ 12.4 በመቶ ተመለሰ።